በፈቃዴ ታክሜ ሽጉጥ ልገዛ ስሄድ፦ የቨርጂኒያ የመሣሪያ ገዢዎች ማጣሪያ ሲመዘን

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የሚከፈት አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የብርድ ወር ምሽት ሁለት ሰዎች መሣሪያ ደግነው የዕለቱን ገቢ ከወሰዱብኝ በኋላ እንቅልፍ ራቀኝ፤ እንቅልፍ ማጣቱ ወደ ድብርት ተለወጠ፤ ድብርቱም እየባሰ ሄዶ ከጥቂት ወራት በኋላ በታላቅ እኅቴ መኪና ሆስፒታል ደርሼ፣ በራሴ እጅ ፈርሜ ገብቼ፣ ስድስት ቀን ተኝቼ ታከምኩ። ከወጣሁ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ከሐኪሜ ጋር እነጋገራለሁ፤ መድኃኒቴንም ሳላቋርጥ እወስዳለሁ። ባለፈው ዓመት ለሱቁ ጥበቃ ሽጉጥ ለመግዛት ስነሣ ግን በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው አሜሪካ ውስጥ መሣሪያ መግዛት አይችልም ብሎ ያምን ነበር። እኅቴማ «የሆስፒታሉ ወረቀት እስከ መቃብር ይከተልሃል፤ ባትነካካው ይሻልሃል» ብላኝ ነበር።

ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን እስካውቅ ድረስ አንድ ወር ያህል ባክኖብኛል። ከዚህ በታች የምመዝነው በቨርጂኒያ ከፈቃድ ካለው ሻጭ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚያልፍበትን ማጣሪያ ነው፤ ይኸውም በሱቁ ባንኮኒ ላይ የሚሞላውን የፌደራል ፎርም 4473፣ የግዛቱን የራሱን የማጣሪያ ሥርዓት፣ እንዲሁም ሻጩ ከቨርጂኒያ ግዛት ፖሊስ ተቀብሎ ለገዢው የሚያደርሰውን መልስ ነው። የማየውም በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በፈቃዱ የታከመ ወይም እየታከመ ያለ ሰው በዚህ አገልግሎት ፊት ሲቆም ምን ይጠየቃል፣ ምን አይጠየቅም፣ ምንስ ሊያሳስተው ይችላል በሚለው በኩል። ስለ መሣሪያዎቹ ዓይነትና ዋጋ የሚጽፉ ሌሎች ብዙዎች አሉ።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ሱቅ ስሙን አልጠራም። ንጹሕ ቤት ነው፤ ሠራተኞቹም ትሑቶች ናቸው፤ በመስታወቱ ሥር የተደረደሩትን ሽጉጦች አንድ በአንድ እያወጡ፣ ጥይት የሌለባቸው መሆኑን እያሳዩ፣ ሳይቸኩሉ ያስረዳሉ። የምፈልገውን ከመረጥኩ በኋላ መታወቂያዬን ተቀብለው ፎርሙን ሰጡኝ። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቦታ፣ ዜግነት እያለ ሲሄድ ምንም የሚያስቸግር ነገር አልነበረውም፤ በግሪን ካርድ የሚኖር ሰውም መግዛት እንደሚችልና ቁጥሩን መሙላት እንደሚጠበቅበት ከዚያው ተረዳሁ። ከዚያ አዎ ወይም አይደለም ተብለው የሚመለሱ ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ ስለ ወንጀል ክስ፣ ስለ ፍርድ፣ ከሕግ ስለ መሸሽ፣ ስለ ዕፅ። ስለ ዕፅ በሚጠይቀው ላይ ለወገኖቼ አንድ ነገር ልጨምር፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ ፌደራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ የተመደበ ስለሆነ፣ እዚያ ጥያቄ ላይ የሚቃም ሰው ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል።

እኔ የቆምኩት ግን ስለ አእምሮ ጤና በሚጠይቀው ላይ ነው። ጥያቄው ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል፤ አእምሮው ጎደሎ ነው ተብሎ የተፈረደበትን ሰውና ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም «ኮሚትድ» የተደረገን ሰው ይመለከታል። ብዙውን ሰው የምታሳስተው ይህች «ኮሚትድ» የምትል ቃል ናት። እንግሊዝኛን በሥራ ቦታ የለመደ ሰው «ገብተህ ታውቃለህ ወይ» ብሎ ይረዳታል፤ እኔም የተረዳኋት እንዲሁ ነበር። ገብቻለሁ፤ ስድስት ሌሊትም አድሬአለሁ። ሻጩን ስጠይቀው ቅን ሰው ሆኖ ሳለ ባለማወቅ፣ «ሆስፒታል ተኝተው ከነበረ አዎ ይበሉ፤ ሐሰት ከሞሉ ከባድ ወንጀል ነው» አለኝ። ሁለተኛው ቃሉ እውነት ነው፤ በዚያ ፎርም ላይ እያወቁ ሐሰት መሙላት በእስራት የሚያስቀጣ የፌደራል ወንጀል ነው። የመጀመሪያው ግን ስሕተት ነበር፤ ምክሩን ተቀብዬ «አዎ» ብዬ ብፈርም ኖሮ ሻጩ ከማንም መልስ ሳይጠብቅ ሽያጩን ማቆም ግዴታው ነበር። እኔም ሳልፈርም ወረቀቱን ትቼ ወጣሁ። ወደ መኪናዬ ስመለስ የተሰማኝን ዓይነት እፍረት ሆስፒታል በገባሁበት ሌሊት እንኳ አልተሰማኝም ነበር።

መልሱ እዚያው ወረቀት ውስጥ ነበር። ፎርም 4473 ከጥያቄዎቹ በኋላ ደቃቅ ፊደል ያላቸው የማብራሪያ ገጾች አሉት፤ በእነርሱም ውስጥ «ኮሚትድ» ማለት አንድ ሰው በፍርድ ቤት፣ በቦርድ፣ በኮሚሽን ወይም ሕጋዊ ሥልጣን ባለው ሌላ አካል ውሳኔ በመደበኛ ሥርዓት ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም እንዲገባ መደረጉ እንደሆነ ተተርጉሟል። ወረድ ብሎም ትርጉሙ ለምርመራ ክትትል ብቻ ተቋም ውስጥ የቆየን ሰውና በገዛ ፈቃዱ የገባን ሰው እንደማያካትት በግልጽ ይናገራል። እገዳው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1968 ከወጣው የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ደግሞ መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ኤቲኤፍ፣ በደንቡ ያሰፈረው ነው። እንግዲህ የፌደራሉ ጥያቄ ያረፈው ያስገባህ ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ድብርት አለብህ ወይ፣ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ፣ ከሐኪም ጋር ትነጋገራለህ ወይ የሚል ጥያቄ በፎርሙ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በፎርሙ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ተወለደ። አንድን ሰው ከመብቱም፣ ከዚያም በላይ ከሕክምናው ሊያርቅ የሚችለው ቃል በአንድ ገጽ ላይ፣ የቃሉ ትርጉም ደግሞ ገጾች አልፎ መቀመጡ ከባድ ጉድለት ነው። ባንኮኒ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው ሰው እየጠበቀ፣ ሁለተኛ ቋንቋው በሆነ እንግሊዝኛ የሚሞላ ሰው እነዚያን ገጾች ገልጦ የማንበብ ዕድሉ አነስተኛ ነው። «በፈቃድ መግባትን አይጨምርም» የምትለው አጭር ሐረግ ከጥያቄው ሥር ብትሰፍር የሚጠፋው ቦታ አንድ መስመር ነበር። ሌላው ጉድለት የቃላቱ ጭካኔ ነው። «ሜንታል ዲፌክቲቭ» የሚለው አነጋገር ከ1968ቱ ሕግ ተወርሶ ዛሬም በፎርሙ ላይ አለ፤ ጎደሎ፣ ብልሽት ያለበት እንደማለት ነው። ሕጉን የሚለውጠው ኮንግረስ ስለሆነ ጥፋቱ የፎርሙ አዘጋጆች ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን ታሞ የዳነ ሰው ያንን ቃል በዓይኑ እያየ ስሙን ከሥሩ ሲጽፍ የሚሰማውን የማውቀው እኔ ነኝ።

ከፎርሙ ቀጥሎ የሚመጣው የመዝገብ ፍተሻ ደግሞ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ፣ ከሚወራለት እጅግ የተሻለ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን ላይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1981 በተቃጣው የግድያ ሙከራ ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ አካሉ በተጎዳው በቃል አቀባያቸው በጄምስ ብሬዲ ስም የሚጠራው ሕግ በ1993 ከወጣ በኋላ፣ ኒክስ የተባለው የኤፍቢአይ የፈጣን ፍተሻ ሥርዓት በኅዳር 1998 ሥራ ጀመረ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ክላርክስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። በቨርጂኒያ ግን ሻጩ በቀጥታ ከኤፍቢአይ ጋር አይገናኝም፤ ጥያቄውን የሚቀበለው የግዛቱ ፖሊስ ሲሆን እርሱ የግዛቱንም የፌደራሉንም መዝገብ ያያል፤ ለግዛቱ ነዋሪ ክፍያውም 2 ዶላር ነው። መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል፤ ይለፍ፣ ይቆይ፣ ወይም ይከልከል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህ ሥርዓት የሐኪም ማኅደራችንን ከፍቶ ያነባል ብሎ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ኒክስ የሚይዘው መግዛት የተከለከለን ሰው ለመለየት የሚያስችል ስምና የልደት ቀንን የመሰለ መረጃ እንጂ የበሽታ ስም ወይም የሕክምና ታሪክ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጤና መረጃ ምስጢር ደንቡ ሲሻሻልም አንዳንድ ተቋማት ለኒክስ እንዲያስተላልፉ የተፈቀደላቸው ያንኑ መለያ መረጃ ብቻ ሆኖ፣ የምርመራ ውጤትና የሕክምና ዝርዝር ከዚህ ውጭ ተደርጓል። እኔ በፈቃዴ የገባሁበት ሆስፒታል ስሜን ወደዚያ የሚልክበት ሕጋዊ ምክንያት አልነበረውም፤ ሐኪሜም ወደዚያ የምታስተላልፈው ነገር አልነበራትም። ለመገምገም ያህል፣ የሰውን ገመና በመጠበቅ ረገድ ይህ የአገልግሎቱ ክፍል ሙሉ ምስጋና ይገባዋል።

በእኛ ዘንድ ግን ፍርሃቱ ከሕግ የሚመጣ ብቻ አይደለም፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። «አማኑኤል ገብቶ ነበር» የተባለ ሰው በሰፈሩ ስሙ እንዴት እንደሚለወጥ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሆስፒታሉ ለስንቱ ፈውስ የሆነ ቤት ሳለ ስሙ እንደ ስድብ ሲወረወር ሰምተን አድገናል። ጠበል ለመሄድ የማይፈራ ሰው የአእምሮ ሐኪም በር ሲደርስ ዙሪያውን ይቃኛል። በዚህ ላይ ሥራው መሣሪያ የሚያስታጥቀው የጥበቃ ሠራተኛ ወይም እንደ እኔ ሌሊት ሱቅ የሚጠብቅ ሰው፣ መታከም መሣሪያ ያሳጣል የሚል ወሬ ሲጨመርበት፣ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ መቀመጥን ይመርጣል። ይህ ወሬ ሰው ይጎዳል። ሕጉ የተጻፈበትን መንገድ ላስተዋለ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ በጊዜ፣ በራሱ እግር ሄዶ የሚታከም ሰው ያለ ፈቃዱ በትእዛዝ የመግባቱን ዕድል ያርቃል፤ መብት የሚያሳጣውም ያ ትእዛዝ ነው።

አሁን ሰፊ ቦታ የምሰጠው ወደ ቨርጂኒያ የራሷ ሕግ ልግባ፤ «በፈቃድ» የሚለው ቃል እዚህ ግዛት ውስጥ ሁልጊዜ የሚመስለውን ማለት አይደለምና። እኔ የገባሁበት መንገድ ቀላል ነበር፤ እኅቴ ነዳች፣ የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ ጠየቀችኝ፣ በአስተርጓሚ አስነበቡኝ፣ ፈረምኩ። ሌላ ሰው ግን በሌላ መንገድ እዚያው ክፍል ሊደርስ ይችላል። ቤተሰቡ ደንግጦ ፖሊስ ይጠራል፤ በድንገተኛ የማቆያ ትእዛዝ እስከ ስምንት ሰዓት ተይዞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያየዋል፤ ባለሙያው ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው ያሰጋል ካለ ማጅስትሬት የሚባለው የፍርድ ሹም በሆስፒታል ሰዎች አፍ «ቲዲኦ» የሚባለውን ጊዜያዊ የእስር ትእዛዝ ይሰጣል። ከዚያ በ72 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ ወይም በዓል ከገባበት ዘግይቶ፣ በልዩ ዳኛ ፊት ጉዳዩ ይሰማል። በዚያ ችሎት ላይ ታካሚው «በፈቃዴ ለመቆየት እስማማለሁ» የማለት ዕድል ይሰጠዋል፤ ብዙ ሰውም ይህንን ይመርጣል፣ ከፍርድ የሚሻል ይመስለዋልና።

በቨርጂኒያ ሕግ ግን ጊዜያዊ የእስር ትእዛዝ ከወጣበት በኋላ በፈቃዱ ለመግባት የተስማማ ሰው፣ ያለ ፈቃዱ እንዲገባ ከተፈረደበት ሰው እኩል መሣሪያ መግዛትም፣ መያዝም፣ ማጓጓዝም ይከለከላል። በግድ የተመላላሽ ሕክምና እንዲከታተል የታዘዘም እንዲሁ ነው። መስመሩ የተሰመረው በዚያ ትእዛዝ ላይ ነው፤ ትእዛዙ ሳይወጣ የገባ በፈቃዱ ገባ፤ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ የተስማማ ግን፣ ለመሣሪያ ጉዳይ፣ በፈቃዱ እንደገባ አይቆጠርም። ዳኛው ይህንን ለታካሚው እንዲያስታውቅ ሕጉ ያዛል፤ ነገር ግን ሦስት ሌሊት በቅጡ ያልተኛ፣ የተጨነቀ፣ የቋንቋ ችግር ያለበት ሰው በዚያች ደቂቃ የሚነገረውን ምን ያህል ይይዘዋል የሚለው ያሳስበኛል። ስለዚህ ማናችንም ዘመዳችንን ተከትለን እዚያ ክፍል ብንደርስ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለን አስታውሰን፣ ወረቀቱ የመጣው ከነርስ ነው ወይስ ከማጅስትሬት ብለን እንጠይቅ። እገዳ የደረሰበት ሰውም መንገዱ አልተዘጋበትም፤ በሚኖርበት ከተማ ወይም ካውንቲ ላለው ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት አመልክቶ መብቱ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

ቨርጂኒያ እዚህ ድረስ የጠበቀችው በከባድ ኀዘን ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎችን የገደለው ተማሪ፣ በታኅሣሥ 2005 ልዩ ዳኛ ለራሱ የሚያሰጋ ነው ብሎ የተመላላሽ ሕክምና እንዲከታተል አዝዞት ነበር። ሆስፒታል እንዲተኛ ስላልታዘዘ ግን ስሙ ወደ መዝገቡ አልተላከም፤ ሁለት ሽጉጦችም ፍተሻውን አልፎ ገዛ። በዚያው ወር መጨረሻ ገዢው ቲም ኬን ክፍተቱን በሥራ አስፈጻሚ ትእዛዝ ዘጉ፤ በጥር 2008 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቡሽ ግዛቶች እንዲህ ያሉ መዝገቦችን ለኒክስ እንዲያስተላልፉ የሚያበረታታውንና የተከለከሉ ሰዎች መብታቸውን መልሰው የሚጠይቁበትን መንገድ የሚያመቻቸውን ሕግ ፈረሙ። የሟቾቹን ወላጆች አስቤ ይህን ጥብቅነት አልቃወምም። የምለው፣ ጥብቅ የሆነ ሕግ በጠበቀበት መጠን በግልጽ ሊነገር ይገባዋል ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ከተማ ወይም ዲሲ የሚኖር ወገን ይህን አንብቦ «እንግዲህ እኔም ነጻ ነኝ» እንዳይል ስለ ጎረቤቶቻችን በአጭሩ ልናገር። ሽጉጥ የሚገዛው በሚኖሩበት ግዛት ሕግ ነው፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ በመግባት የራስን ግዛት ሕግ ማምለጥ አይቻልም። በሜሪላንድ በፈቃዱ ገብቶ ከ30 ተከታታይ ቀናት በላይ ተቋም ውስጥ የቆየ ሰው ይታገዳል፤ በተጨማሪም ሽጉጥ ለመግዛት የጣት አሻራና ሥልጠና የሚጠይቅ ልዩ ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያስፈልጋል። ዲሲ የበለጠ ጥብቅ ናት፤ ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት ባሉት 5 ዓመታት በፈቃዱም ይሁን ያለ ፈቃዱ የአእምሮ ሆስፒታል የገባን ሰው ታቆመዋለች፤ መዳኑን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበ ግን ይታይለታል። ራቅ ስንል ኢሊኖይ እንዲሁ ያለፉትን 5 ዓመታት ትመለከታለች፤ ኮኔቲከት ደግሞ በፈቃድ ገብቶ ከተኛ ገና 6 ወር ያልሞላውን ሰው ታስጠብቃለች። እንግዲህ ሆስፒታሉ ውስጥ የተፈረመችው ያችው ፊርማ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለችው አርሊንግተን ላይ ምንም ሳታግድ፣ ድልድዩን ተሻግራ ዲሲ ስትገባ አምስት ዓመት ልታስጠብቅ ትችላለች ማለት ነው። ቢሮ ተመላልሶ ከሐኪም ጋር መነጋገርና መድኃኒት መውሰድ ብቻውን ግን ከእነዚህ እገዳዎች በአንዱም ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ሱቅ የሄድኩት ፎርሙን ከነማብራሪያው ቤቴ ውስጥ ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ኤቲኤፍ በድረ ገጹ ላይ ስላስቀመጠው ማንም ሰው ቀድሞ ሊያነበው ይችላል። ባንኮኒው ላይ የነበሩት ሽማግሌ ጥያቄዬን ሲሰሙ መልስ አልሰጡኝም፤ ወረቀቱን ገልብጠው ማብራሪያው ላይ ጣታቸውን አስቀመጡና «እኔ ጠበቃዎ አይደለሁም፤ ይህንን ያንብቡና በራስዎ እውነት ይመልሱ» አሉኝ። ከአንድ ሻጭ የሚጠበቀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕግ አልተረጎሙልኝም፣ አላስፈራሩኝም፣ ሕጉ ያለበትን ቦታ ግን አሳዩኝ። እኔም «አይደለም» ብዬ ሞላሁ፤ እውነትም ነበር። መልሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ይለፍ።

እዚህ ላይ ግን አገልግሎቱ ያላደረገውን አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ለአንባቢው ታማኝ አልሆንም። ማጣሪያው መግዛት እንደምችል ነግሮኛል፤ መግዛት ይገባኝ እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም፣ ሊጠይቀኝም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 በመላ አሜሪካ በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች ውስጥ 26,328ቱ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፉ ናቸው። ድብርት ያየ ሰው ይህን ቁጥር ከሌላው ሰው በተለየ ዓይን ያነበዋል። ለሐኪሜ ሽጉጥ ልገዛ እንደሆነ ቀድሜ ስነግራት አልተቆጣችም፤ የት እንደማስቀምጠው፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚሆን፣ የሕመሙ ምልክት ሲመለስ ለማን እንደምናገር ብቻ ጠየቀችኝ። በእርሷ ምክር ከሽጉጡ በፊት የብረት ካዝናውን ገዛሁ፤ ካዝናው ሱቅ ውስጥ ነው፣ ወደ ቤቴ አይገባም። ሁለተኛውን ቁልፍ እኅቴ ይዛዋለች፤ እንቅልፌ በተከታታይ ሦስት ሌሊት ከተቋረጠ የመጀመሪያውንም እንድሰጣት ተስማምተናል።

ቨርጂኒያ ለዚሁ ነገር የሚሆን ጥሩ አገልግሎት አላት፤ በሁለቱም ሱቆች ግን ማንም አልነገረኝም፣ የተለጠፈ ማስታወቂያም አላየሁም። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው በራሱ ጥያቄ ስሙን በግዛቱ ፖሊስ ዘንድ «አትሽጡልኝ» በሚል ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይችላል። በዝርዝሩ ላይ እስካለ ድረስ መሣሪያ መግዛት አይችልም፤ እንዲወጣ ሲጠይቅም የሚወጣው ከ21 ቀን በኋላ ነው። ክፉው ሳምንት እስኪያልፍ ራስን ለማሰር በራስ እጅ የሚፈረም ወረቀት ነው፤ ፍርድ የለበትም፣ ችሎት የለበትም። ሌላም አለ፤ በጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው በማንኛውም ሰዓት 988 ደውሎ በአስተርጓሚ ጭምር ሊረዳ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ በትንሽ ካርድ ታትመው ከጥይቱ መደርደሪያ አጠገብ ቢቀመጡ ለሱቁ የሚያስወጡት ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የእኔን ሱቅ ባንኮኒ እንኳ ከሎተሪ ትኬቱ አጠገብ አስቀምጬበታለሁ።

ለማጠቃለያ ነጥብ ስጥ ብባል፣ ለመዝገብ ፍተሻው ፍጥነትና ገመና ጠባቂነት ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለፎርሙ አጻጻፍ ከሁለት በላይ አልሰጥም። የባንኮኒው መስተንግዶ እንደ ሻጩ ይለያያል፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ማብራሪያውን ቤቱ አንብቦ፣ አድራሻው የተስተካከለ መታወቂያ ይዞ፣ የሆስፒታል ቆይታው በምን መንገድ እንደነበር የሚጠራጠር ከሆነም ከሆስፒታሉ የመግቢያ ወረቀቱን ቅጂ አስቀድሞ ጠይቆ ይሂድ። እኔ የራሴን ጠይቄ አግኝቻለሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «በፈቃድ የገባ» የሚል ቃል ከፊርማዬ ጋር ሰፍሯል፤ ጥርጣሬ ከቀረ ደግሞ ወረቀቱን ይዞ ጠበቃ ማማከር ነው።

የገዛሁ ዕለት ማታ ያንን ወረቀት ለእኅቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ እስከ መቃብር ይከተልሃል ያለችኝ ወረቀት ይህ መሆኑን ስነግራት ምንም አልመለሰችልኝም። እናታችን ካረፉ ወዲህ ሌሊት ሌሊት እንደምትነሣ አውቅ ነበር፤ ስለዚያ ግን አንሥተን አናውቅም። በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ደወለችና የሐኪሜን ስልክ ቁጥር ጠየቀችኝ።